ስምንተኛው ምሶሶ ሥር አትቁሙ፦ የባቡር ጣቢያችን ሙዚቃ ከ3 ወር በኋላ

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ አያያዙ ግን ገና ነው። ከ10 ስጥ ብባል ለጠዋቱ 8፣ ለማታው 4 እሰጣለሁ። ጣቢያው አንድ፣ ሙዚቃው አንድ፣ ውጤቱ ግን ሁለት። ምክንያቱን መስማት የፈለገ አብሮኝ ይቆይ።

በቀን ሁለቴ በባቡር ነው የምመላለሰው። መሃል ላይ ባቡር ስለምቀይር ትልቁ ጣቢያ ውስጥ ጠዋትም ማታም ከ15 እስከ 25 ደቂቃ እቆማለሁ። ሥራዬ ደግሞ ድምፅ ነው። አዳራሽ ውስጥ ስፒከር እሰቅላለሁ፣ ሚክሰር እገጥማለሁ። «ኋላ ያሉት አይሰሙም» ሲባል የሚሮጠው ሰውዬ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሌላው ተሳፋሪ «ኧረ ሙዚቃ ጀመሩ» ብሎ ሲያልፍ እኔ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ ሽቦ እቆጥራለሁ። የሙያ በሽታ ነው።

የጀመሩ ዕለት ሰኞ ነበር፣ ገና ሳይነጋ። ደረጃውን ስወጣ አንዱ ስልኩን በስፒከር የከፈተ መስሎኝ ዞር ዞር አልኩ። አይደለም። ድምፁ ከላይ ነው የሚመጣው። ብቸኛ ፒያኖ፣ ዝግ ያለ። የእኛ ጣቢያ ጣሪያው ሩቅ፣ ወለሉ ድንጋይ፣ ግድግዳው መስታወት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ድምፅ ከገባበት ቶሎ አይለቅም፤ ከግድግዳ ግድግዳ እያንከባለለ ያቆየዋል። ለንግግር መርዝ ነው። ለዝግተኛ ፒያኖ ግን የተሠራለት ይመስላል። የአንዱ ኖታ ጭራ ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል። ወለል የሚጠርገው ሰው መጥረጊያውን ከዜማው እኩል ሲገፋ አየሁት። ያወቀው አልመሰለኝም።

ጠዋት ላይ ብዙ ቅሬታ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማታ አምሽቼ የመጣሁባቸው ቀናትም ነበሩ፣ አዳራሹ ባዶ፣ ሱቆቹ የተዘጉ። ድሮ በዚያ ሰዓት የራሴ ጫማ ኮቴ ያስደነግጠኝ ነበር። አሁን የሆነ ቦታ ሰው ያለ ይመስላል። መብራት አብርቶ እንደ መተው ያለ ነገር ነው።

ወደ ችግሩ ልምጣ። ጣሪያው ላይ ያሉት ስፒከሮች ለሙዚቃ የተገዙ አይደሉም። ለማስታወቂያ የተሰቀሉ፣ የጥሩምባ ቅርጽ ያላቸው የቆዩ ስፒከሮች ናቸው። የሰው ንግግር ያለበትን መሃለኛውን ድምፅ ወደ ፊት ይገፋሉ። ቤዝ የሚባል ነገር፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ የላቸውም። ስለዚህ ፒያኖ፣ ጊታር ወይም ፍሉት ብቻውን ሲለቀቅ እንደምንም ይወጡታል። ሙሉ ኦርኬስትራ ሲለቀቅባቸው ግን ቆርቆሮ ውስጥ የገባ የንብ መንጋ ነው። ዘፈን አልለቀቁም፣ ሁሉም በመሣሪያ ብቻ የተቀናበረ ነው። ይሄን ማን እንደወሰነ አላውቅም፣ እጁ ይባረክ። ግጥም ያለው ዘፈን ከማስታወቂያ ጋር ሲገናኝ ሁለት ሰው አንድ ጊዜ ጆሮህ ላይ ያወራብሃል።

ዝርዝሩን ቆጠርኩት። 23 ዜማ ነው ያለው፣ አንድ ዙር 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይፈጃል። በየቀኑ ጣቢያው ሲከፈት ከአንድ ይጀምራል፣ ቅደም ተከተሉም አይቀያየርም። ውጤቱን አስቡት። እኔ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ስለምደርስ ሁልጊዜ አንድ ዜማ ነው የሚቀበለኝ። አስራ አንደኛዋ። የፒያኖ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ እንደ ጥያቄ ትጀምርና እየወጣች ሄዳ ልትመልሰው ስትል የባቡሬ ማስታወቂያ ዲንግ ዶንግ ይላል። ሙዚቃው ዝቅ ይላል። ማስታወቂያው ሲያልቅ አስራ ሁለተኛው ጀምሯል። በ3 ወር ውስጥ የዚያችን ዜማ መጨረሻ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም። በነገራችን ላይ የዲንግ ዶንጉ ቃና ከዜማዋ ጋር ይጋጫል። ጥርስ የሚያፋጭ ግጭት ነው፣ ድስት በማንኪያ እንደ መፋቅ።

የሆነ ሆኖ ጠዋት ቢያንስ ሙዚቃው ዝቅ ብሎ ለማስታወቂያው መንገድ ይለቃል። በእኛ ሙያ ዳኪንግ እንለዋለን፣ እንደ ዳክዬ ጎንበስ ማለት። ማታ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የስምንተኛው ምሶሶ የስፒከር መስመር አይጎነበስም። ለምን እንደሆነ ከታች ሆኜ መናገር አልችልም። ብቻ እዚያ ምሶሶ ሥር የቆመ ሰው ሙዚቃውንም ማስታወቂያውንም እኩል ይጠጣል።

ስልኬ ላይ ባለች የድምፅ መለኪያ አፕ ለካሁ። ስልክ እንደ ትክክለኛ መሣሪያ አይታመንም፣ ልዩነት ለማየት ግን ይበቃል። ጠዋት አዳራሹ ያለ ሙዚቃ 55 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ነበር፣ ከነሙዚቃው 60። ማታ ሰው ሲሞላ ጫጫታው ብቻውን 70 ይጠጋል። ሙዚቃው እንዳይዋጥ ብለው ከፍ ሲያደርጉት ስምንተኛው ምሶሶ ሥር 74 አነበብኩ። ማስታወቂያው 77። ማስታወቂያ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ከዙሪያው ጫጫታ በ10 ዴሲቤል ያህል ቢበልጥ ይመረጣል። እዚህ 3 ነው።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ሕዝቡም አብሮ መጮሁ ነው። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ኤቲየን ሎምባር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 የጻፈበት ነገር ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፣ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሙዚቃው ከፍ ሲል ሰው ከፍ ይላል፣ ሰው ከፍ ሲል መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ሰውዬ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል። ማን ቀድሞ ይድከም ነው እንግዲህ።

እኔ የደከምኩት አንድ ረቡዕ ማታ ነው። ባቡሬ ከፕላትፎርም 3 ወደ 6 ተዛውሮ ነበር። እኔ ስምንተኛው ምሶሶ ሥር ውሃ እየገዛሁ ነው። ከላይ የንብ መንጋው ይጮሃል። ከንቦቹ መሃል «...ፕላትፎርም... ተሳፋሪዎች... ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ሰማሁ። ይቅርታው ብቻ ነው ጥርት ብሎ የደረሰኝ። ባቡሩ በ6 ወጣ፣ እኔ በ3 ቆሜ። ቀጣዩ ከ50 ደቂቃ በኋላ ነበር። ያን 50 ደቂቃ ደግሞ በለስላሳ ሙዚቃ ታጅቤ አሳለፍኩት።

ተናድጄ ቤት ገባሁና ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርገው ማንበብ ጀመርኩ። ጣቢያ ላይ ሙዚቃ የሚለቁ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሰው እንዲረጋጋ ይፈልጋል፣ ሌላው ሰው እንዲሄድለት። የለንደን ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ2003 ኤልም ፓርክ ጣቢያ ላይ ክላሲካል መልቀቅ የጀመረው በሁለተኛው ሐሳብ ነው፤ እዚያ ተሰባስበው ሰው የሚያስቸግሩ ወጣቶች እንዲሰለቻቸው። ሃምቡርግ ዋና ጣቢያም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በር በሩ ላይ ክላሲካል ያሰማል። በርሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ሄርማንሽትራሰ ጣቢያ ላይ ሆን ተብሎ ጆሮ የማይመች፣ ዜማ አልባ ሙዚቃ ሊለቀቅ ታቅዶ፣ ተቃውሞ ሲነሳ ቀረ። ሙዚቃን እንደ ዝንብ ማባረሪያ መጠቀም ለእኔ አይዋጥልኝም። ቤት የሌለው ሰው በረንዳ ላይ ሲተኛ ሞዛርትን ዱላ ማድረግ ለሞዛርትም ነውር ነው። የእኛ ጣቢያ ይሄን አላደረገም። ለዚህ አንድ ነጥብ ጨምሬለታለሁ።

የሚገርመው የዚህ ሥራ አባቶች ከእኛ ይልቅ ዝምታ ያውቁ ነበር። ጆርጅ ስኳየር የሚባል የአሜሪካ ጦር ጄኔራል በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሙዚቃን በኤሌክትሪክ ሽቦ ወደ ቤትና ወደ ሥራ ቦታ መላክ ጀመረ። በ1934 ድርጅቱ «ሚውዛክ» ተባለ። «ሚውዚክ» (ሙዚቃ) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና ጄኔራሉ ከወደደው «ኮዳክ» ከሚለው የካሜራ ድርጅት ስም ተዳቅሎ ነው። በኋላ ፋብሪካና ቢሮ ውስጥ ሲለቁት 15 ደቂቃ ሙዚቃ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ዝምታ ያደርጉ ነበር። የማያቋርጥ ሙዚቃ ሰውን እንደሚያደክም ገብቷቸዋል ማለት ነው። የእኛዎቹ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ አንድ ደቂቃ አያርፉም።

በ1982 ሮናልድ ሚሊማን የሚባል የግብይት ተመራማሪ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዝግ ያለ ሙዚቃ ሲለቀቅ ሽያጩ ፈጣን ሙዚቃ ከሚለቀቅበት ጊዜ በ38 በመቶ ገደማ መብለጡን ጽፏል። ሰው ስለሚዘገይ ነው። ጣቢያ አስተዳዳሪዎችም ይሄን የሰሙ ይመስለኛል። ጥያቄዬ ግን፣ ባቡር ሊያመልጠው ያለ ሰው ለምን ይዘግይ?

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

ስምንተኛው ምሶሶ ሥር ጋዜጣና ውሃ የሚሸጡ ትልቅ ሴት አሉ። ስፒከሩ ከራሳቸው በላይ ወደ ግራ ሁለት ሜትር አይርቅም። ግራ ጆሯቸው ውስጥ ሁልጊዜ ጥጥ አለ። ደንበኛ በግራ በኩል ከመጣ «በዚህ በኩል ና ልጄ» ብለው ያዞሩታል። ያመለጠኝ ባቡር ዕለት ሳማርር ሰሙኝና ሳቁ።

«አንተ እኮ ሃያ ደቂቃ ነው የሰማኸው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አስልቼ ነገርኳቸው። በቀን 9 ሰዓት ይቆማሉ፣ ዝርዝሩ 1 ሰዓት ከ25 ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ዜማ በቀን 6 ጊዜ ይሰማሉ። ሳምንቱን 6 ቀን ስለሚሠሩ 36 ጊዜ።

«36 ነው?» አሉ። «እኔ መቶ መስሎኝ ነበር።»

እኔ መዞር እችላለሁ። ኤርፎኔን ማድረግ እችላለሁ። ፕላትፎርሙ ጫፍ ሄጄ መቆም እችላለሁ። እሳቸው የትም አይሄዱም። ይሄ ክርክር ደግሞ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደበት ጊዜ አለ። በ1949 የኒው ዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ሙዚቃና የንግድ ማስታወቂያ በስፒከር መልቀቅ ጀመረ። ሕዝቡ ጮኸ፣ የኒው ዮርከር መጽሔት አዘጋጅ ሃሮልድ ሮስም ዘመተበት፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ በ1950 መጀመሪያ ተወው። ዋሽንግተን ውስጥ ግን በከተማ ባቡርና በአውቶቡስ የሚለቀቀው ሬዲዮ ጉዳይ በ1952 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። አብዛኞቹ ዳኞች «ይቻላል» አሉ። ዳኛ ዊልያም ዳግላስ «ተሳፋሪው የሚሄድበት የለም፣ ተገዶ ነው የሚሰማው» ብለው ተቃወሙ። እኔን ያሳቀኝ ግን ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ናቸው። ጭራሽ ከችሎቱ ወጡ። እሳቸው ራሳቸው የዚያ ሬዲዮ ሰለባ ስለነበሩ ስሜታቸው በጣም ከመነካቱ የተነሳ በጉዳዩ ላይ መፍረድ እንደሌለባቸው ጻፉ። ለሴትዮዋ ይሄን ስነግራቸው «ጎሽ፣ ሰውዬው ጥጥ አልነበራቸውም ማለት ነው» አሉ።

አክስቴንም ላንሳ። የመስሚያ መሣሪያ ነው የምትጠቀመው። ጣቢያው ሙዚቃ ከጀመረ ወዲህ አብራኝ አንድ ቀን ብቻ መጥታለች፣ ከዚያ በኋላ እምቢ ብላለች። መሣሪያው የፈለገችውን ብቻ መርጦ አያጎላላትም። ሙዚቃው፣ ሻንጣው፣ የሕፃኑ ለቅሶ፣ ሁሉም አንድ ላይ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። የሚገርም ነገር ግን ትኬት መስኮቱ ጋ ሆነ። መስኮቱ ላይ የጆሮ ምልክት ያለበት ትንሽ ሰማያዊ ተለጣፊ አለ። እዚያ የተዘረጋው ሽቦ የትኬት ሻጩን ድምፅ በማግኔት መስክ ቀጥታ ወደ መሣሪያዋ ይልካል፤ እሷም ቁልፉን ቲ የሚለው ላይ አደረገችው። ፊቷ ሲበራ አየሁ። «ጸጥ አለ እኮ» አለችኝ ጮክ ብላ፣ ሰልፍ ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን። ሙዚቃውም ጫጫታውም ጠፍቶላት ሻጩ ብቻ ቀርቶላታል። እንግዲህ በዚያ ጣቢያ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ የድምፅ ሥራ የመሰለኝ ማንም የማያየው የዚያ ሽቦ ሥራ ነው።

ጃፓኖች ነገሩን በደንብ አስበውበታል። በ1989 ቶኪዮ ውስጥ ሺንጁኩና ሺቡያ ጣቢያዎች ላይ የባቡር መነሻውን የሚያስደነግጥ ደወል አንስተው በአጭር ዜማ ተኩ። ዜማዎቹ 7 ሰከንድ ገደማ ናቸው። ብዙ ጣቢያ የየራሱ ዜማ ስላለው ሰው አንቀላፍቶ እንኳ የት እንደደረሰ ጆሮው ይነግረዋል። ደረጃ ያለበት ቦታ ደግሞ የወፍ ድምፅ ይለቃሉ፣ ዓይነ ስውር ተሳፋሪ መውጫውን እንዲያገኝ። ለማያውቅ ሰው ውበት ነው፣ ለሚያውቅ ሰው አቅጣጫ። የእኛው ግን ለማንም ምንም አይነግርም፣ ዝም ብሎ ይፈስሳል።

ፈረንሳዮች ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ትልልቅ ጣቢያዎች ውስጥ ፒያኖ አስቀምጠዋል፣ ያለፈ ያገደመ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ላይም በ2016 እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤልተን ጆን የለገሰው ፒያኖ አለ። የሚለየው አንድ ነገር ነው። ሰው ሲጫወት ይደክመዋል። ተነስቶ ይሄዳል። ዝምታ ይመጣል።

አስተያየት መስጫ ቅጹን ሞልቻለሁ። መግቢያው ላይ ያለውን ካሬ ኮድ በስልክ ስታነሱት ይመጣል። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሙዚቃውን ወደዱት?» ከሥሩ ሁለት ፊት፣ የሚስቅና የሚያኮርፍ። መጻፊያ ቦታ የለውም። የሚስቀውን ተጫንኩ፣ ጠዋት ስለነበር። ማታ ተመልሼ የሚያኮርፈውን ልጫን ስል «አስተያየትዎን ስለሰጡ እናመሰግናለን» ብሎ አባረረኝ። ጋዜጣ ሻጯ ስለ ቅጹ ሰምተው አያውቁም።

ለሚሄድ ሰው የምለው እንዲህ ነው። ጠዋት ሰዓቱ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ድምፁ ከሁለት በኩል እኩል ይደርሳል፣ ማስታወቂያውም ይሰማል። ማታ ከስምንተኛው ምሶሶ ራቁ፣ ዓይናችሁንም ከሰሌዳው አትንቀሉ። ለጣቢያው ሰዎች ደግሞ፣ አዲስ ስፒከር ግዙ አልልም፣ ውድ ነው። ኦርኬስትራዎቹን አውጡ። ቅደም ተከተሉን በየቀኑ ቀያይሩ። ማታ ሰው ሲሞላ ሙዚቃውን ዝጉት፣ ያኔ ማንም አይሰማውም። የዚያን ምሶሶ መስመር ደግሞ አንድ ቴክኒሻን መሰላል ላይ ወጥቶ ይየው። ካጣችሁ እኔ እመጣለሁ፣ በነጻ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት መብራቱ ሳይጠፋ የድምፁ ሲስተም ብቻ ተበላሸ። አንድ የጣቢያው ሠራተኛ በእጅ ድምፅ ማጉያ እየዞረ ነበር የሚያስታውቀው። ሁሉም ሰው ሰማው። አንድም ሰው «ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አላየሁም። ደስ ብሎኝ ውሃ ልገዛ ሄድኩ። ሴትዮዋ ጋዜጣ እየደረደሩ ያንጎራጉራሉ።

«ምነው?» አሉኝ ቆሜ ሳያቸው።

«የሚያንጎራጉሩት እኮ አስራ አንደኛዋ ናት።»

«ወይ ጉድ!» አሉ። ጥጡን አወጡና ያልነበረውን ሙዚቃ ለማዳመጥ ወደ ላይ አዩ።

መጨረሻዋን በ3 ወር አንዴም እንዳልሰማሁ ነገርኳቸው። ባቡሬ ሁልጊዜ እንደሚቆርጣት። ጋዜጣውን አስቀመጡ፣ ከመሃሏ ጀመሩ፣ ያ ጥያቄ የመሰለው ቦታ ላይ ወጡ፣ ከዚያ እኔ የማላውቀውን አራት አምስት ኖታ ቀስ ብለው ወረዱ። ሠራተኛው በእጅ ማጉያው የእኔን ባቡር ይጣራል።

«ይኸው ነው» አሉ። «ሂድ አሁን፣ ያመልጥሃል።»